«ስሙን አልጠራሁም» እና ሌሎች የጤና ድርጅት ሠራተኞች ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በጤና ድርጅት ውስጥ የሥነ ምግባር መመሪያ ሲጥሱ ያየኋቸው አብዛኞቹ ሰዎች ክፉዎች አይደሉም። ወይ ሩህሩህ ናቸው፣ ወይ ጨዋታ ወዳድ፣ ወይ ሥራ ያጣደፋቸው። መመሪያውን በገቡበት ቀን ፈርመውበታል፤ ከዚያ ወዲህ ግን አልገለጡትም።

ስም ካልተጠራ ምስጢር አልወጣም ማለት

«ትናንት ማታ መንታ የተገላገለች አንዲት የባንክ ሠራተኛ…» ተብሎ ወሬ ሲጀመር፣ የሚያውቃት ሰው ቀሪውን ራሱ ይጨርሰዋል። እ.ኤ.አ. በ1996 በወጣው የአሜሪካ ሕግ ሥር ያለው የጤና መረጃ ደንብ፣ አንድ መረጃ የማን እንደሆነ እንዳይታወቅ ተደርጓል ለመባል ሊወገዱለት የሚገቡ 18 ዓይነት መለያዎችን ይዘረዝራል። ስም ከ18ቱ አንዱ ብቻ ነው፤ የሕክምና ቀን፣ ስልክ፣ የካርድ ቁጥርና የፊት ፎቶግራፍም አሉበት። ፎቶግራፍ ካነሣን አይቀር፣ ሠራተኞች የባልደረባ ልደት ሲያከብሩ የሚነሡትን አጉልታችሁ ተመልከቱት፤ ከኬኩ በስተጀርባ የታካሚዎች ስምና የአልጋ ቁጥር የተጻፈበት ሰሌዳ ይታያል።

መክፈት ስለሚቻል ብቻ መዝገብ መክፈት

የእህትን የላብራቶሪ ውጤት፣ የታመመ ባልደረባን ካርድ፣ የታዋቂ ሰውን ምርመራ። የኮምፒውተር ሥርዓቱ ማን፣ መቼ፣ የትኛውን መዝገብ እንደከፈተ ይመዘግባል። «ላግዛት ብዬ ነው» የሚባለው እውነት ሊሆን ይችላል፤ ግን አሳቢነት የሚጻፍበት ዓምድ የለም። የይለፍ ቃል ማዋስም እዚሁ ይገባል፤ ሌላው የከፈተው በእርስዎ ስም ይቆጠራል።

ለቅሬታ በአደባባይ መከራከር

አንድ ሰው በድርጅቱ ገጽ ላይ «ሦስት ሰዓት አስጠበቁኝ» ብሎ ይጽፋል። ሠራተኛው ተቆጥቶ «የዘገዩት የምርመራ ውጤትዎን ረስተው ስለመጡ ነው» ብሎ ይመልሳል። ሰውየው ስለ ራሱ መናገር መብቱ ነው፤ ድርጅቱ ግን ያ መብት የለውም። ታካሚያችን ነበር ብሎ ማረጋገጥ ብቻውን ምስጢር ማውጣት ነው። «ስለ ማንም ታካሚ በዚህ መንገድ አንነጋገርም፤ እባክዎ የቅሬታ ክፍላችንን ያነጋግሩ» ይበቃል። ቀዝቃዛ መልስ እንደሆነ አውቃለሁ።

ስጦታን እንደ ወዳጅነት መቁጠር

የመድኃኒት ኩባንያ ወኪል ምሳ ሲጋብዝ ዓላማ አለው። መመሪያው የሚፈቅደውን ያስመዝግቡ፤ የማይፈቅደውን ይመልሱ።

ትእዛዝን በ«እሺ» መቀበል

ከሁሉ የሚያሰጋኝ ይህ ነው። 1.0 ሚሊ ግራም ተብሎ ሲጻፍ ነጥቧ ከደበዘዘች 10 ተብሎ ይነበባል፤ .5 ደግሞ 5 ይሆናል። አሥር እጥፍ መድኃኒት ማለት ነው። ስለዚህ 1 ብቻውን፣ 0.5 ከነዜሮው ይጻፋል። በስልክ የመጣ ትእዛዝ ደግሞ መጀመሪያ ይጻፍና የተጻፈው ለአዛዡ መልሶ ይነበብለታል። «እሺ ዶክተር» ማረጋገጫ አይደለም። ጀማሪ ነርስ «ላንብብልዎ» ስትል ሐኪሙ ከተቆጣት፣ በሚቀጥለው ጊዜ ዝም ትላለች። ያን ጊዜ ለሚደርሰው ጥፋት እኔ የምጠይቀው ሐኪሙን ነው።

መዝገብን ማሳመር

የተሳሳተ ጽሑፍ በአንድ መስመር ይሰረዛል፤ የቀድሞው ቃል መነበብ እንደቻለ ይቆያል፤ ቀንና ፊርማ ይታከልበታል። በማጥፊያ ቀለም መሸፈን ወይም ሰዓት ማስተካከል ግን ሌላ ነገር ነው። አንዲት ባልደረባዬ በየ6 ሰዓቱ የሚሰጥ መድኃኒት በ8 ሰዓት መስጠት ሲገባት በ10 ሰዓት ሰጠች። መዘግየቱ ታካሚውን አልጎዳውም ነበር። እርሷ ግን አፍራ 8 ሰዓት ብላ ጻፈች። ቀጣዩ ተረኛ መዝገቡን አምኖ፣ በ2 ሰዓት፣ ማለትም ከአራት ሰዓት በኋላ፣ ደግሞ ሰጠው።