ግርዶሽን በፓስታ ማጥለያ

የፀሐይ ግርዶሽ ቀን ልዩው መነጽር ካጣችሁ ወደ ራጅ ፊልም አትሩጡ፤ ዓይን አያድንም። ኩሽና ግቡና የፓስታ ማጥለያ አምጡ። ጀርባችሁን ለፀሐይ ስጡ፣ ማጥለያውን ከመሬት አንድ ሜትር ያህል ከፍ አድርጉ፣ ከስር ነጭ ወረቀት አንጥፉ። ጥላው ውስጥ ማጭድ የመሰሉ ትንንሽ ብርሃኖች ተደርድረው ታያላችሁ። እያንዳንዱ ቀዳዳ የፀሐይዋን ምስል ገልብጦ ወረቀቱ ላይ ስለሚጥል ነው። ማጥለያ ከሌለ የሁለት እጃችሁን ጣቶች አነባብሩ፣ በክፍተቱ ያው ይወጣል።

ብቻ በቀዳዳው አጮልቃችሁ ፀሐይዋን እንዳታዩ! የዓይን ውስጠኛው ክፍል ሲቃጠል አያምም፤ የሚታወቃችሁ ከተጎዳ በኋላ ነው።

ሐምሌ 26 ቀን 2019 ዓ.ም. ጅዳ ያላችሁ ሙሉ ግርዶሽ ይደርሳችኋል። አዲስ አበባ በከፊል ነው፣ ያውም የክረምቱ ደመና ከፈቀደ።