36 ቁጥር አውቶቡስ ላይ ሰው ሲሰደብ

ሲያትል፣ ቢከን ሂል ነው የምኖረው። ከሌሊት ሥራ የምመለስበት 36 ቁጥር አውቶቡስ በቻይናታውን ያልፋል፤ ጠዋት ላይ ጎመንና ዓሣ በፌስታል ያንጠለጠሉ እናቶች ይሞሉታል።

በ2020 ኮሮና በገባ ሰሞን አንዱ ጎረምሳ አንዲት አሮጊት ላይ «በሽታሽን ይዘሽ ወደ አገርሽ!» ብሎ ጮኸባቸው። ደሜ ፈላና ተነስቼ ገጠምኩት። እሱ ባሰበት፤ እሳቸው ደንግጠው ያለ ፌርማታቸው ዝናብ ውስጥ ወረዱ። ለእሳቸው ምን ፈየድኩላቸው? ምንም።

አሁን ወደ ተሳዳቢው አልሄድም። የተሰደበው ሰው አጠገብ ሄጄ እቀመጥና ወሬ እጀምራለሁ፤ «ጎመኑ ስንት ገባ?» እንግሊዝኛ ባይችሉም ግድ የለም፣ ፌስታሉን መጠቆም ይበቃል። ተሳዳቢውን በዓይኔ ጥግ እየጠበቅኩ እንዳላየሁት እሆናለሁ። ብዙውን ጊዜ ሰሚ ሲያጣ ይሰለቸዋል።

ከዛተ ወይም እጁን ካነሳ ለሾፌሩ ንገሩ፣ 911 ደውሉ። እንግሊዝኛዬ አያወላዳም ብላችሁ አትቅሩ፤ «አምሃሪክ» በሏቸው፣ አስተርጓሚ ያገናኟችኋል።

ቪዲዮ የሚቀረጸው ሌላ ሰው እየረዳ ከሆነ ነው። ሰዓቱንና የመንገዱን ስም ተናግራችሁ ቅረጹ፤ ቲክቶክ ላይ ግን አትልቀቁት፣ ለተሰደበው ሰው ስጡት። ስድቡንም ቃል በቃል ጻፉ። «ሰደባቸው» ብቻ ማለት አይበቃም፤ ጥቃቱ ከዘር ጥላቻ የመጣ መሆኑን የሚያሳየው ቃሉ ነው። ፖሊስ ይጠራ አይጠራ የሚሉት የተሰደቡት ሰው ራሳቸው ናቸው። እምቢ ካሉ እስከ ቤታቸው ሸኟቸው።

ቡና ላይ ይህን ሳወራ «አንቺ ምን አገባሽ?» የሚሉኝ አሉ። በ1982 ዲትሮይት አካባቢ፣ የጃፓን መኪና ሥራ አሳጣን በሚባልበት ዘመን፣ ቪንሰንት ቺንን በቤዝቦል ዱላ ደብድበው ገደሉት። ልጁ ግን ጃፓናዊ እንኳ አልነበረም፤ ቻይናዊ-አሜሪካዊ ነበር። በ1988 ደግሞ እዚሁ ጎረቤት ፖርትላንድ፣ ስኪንሄድ የሚባሉ ነጭ ዘረኞች የኛውን ሙሉጌታ ሥራውን በዚያው ዓይነት ዱላ ገደሉት።

እኛስ ብንሆን? አዲስ አበባ ልጅ ሳለን ኮሪያዊውንም ጃፓናዊውንም «ቻይና! ቻይና!» እያልን ስንከተል አልነበር? እኔ ቤት ይህ ቀርቷል። ልጄ «ያቺ ቻይና» ስትል «ስም የላትም?» እላታለሁ። የክፍል ጓደኛዋ ናት፤ ቬትናማዊት።