ጎረቤታችንን ጅቡቲን እንዴት እናጥናት?

ድሬዳዋ ውስጥ ጂኦግራፊ አስተምራለሁ። ተማሪዎቼን «ስለ አንድ የአፍሪካ አገር መሬት፣ ሕዝብና ኢኮኖሚ ጽፋችሁ አምጡ» ስላቸው ብዙዎቹ ናይጄሪያን ወይም ደቡብ አፍሪካን ይመርጣሉ። እኔ ጅቡቲን ያዙ እላቸዋለሁ። መኪናው፣ ነዳጁ፣ ገበሬው ማሳው ላይ የሚበትነው ማዳበሪያ ሳይቀር በእሷ በኩል ነው የሚገባው። ሆኖም «ወደብ ናት፣ ትሞቃለች» ከማለት አልፎ የሚነግረኝ ሰው ጥቂት ነው። ይህ ከልቤ ያሳስበኛል፤ ኑሯችን ከዚህች አገር ጋር እንዲህ ተሳስሮ ሳለ እሷን አለማወቅ ይጎዳናል።

ተማሪም ሁኑ፣ ልጁን የሚያስጠና ወላጅ፣ ወይም ወደዚያ ለሥራ የሚወርድ ሰው፣ አካሄዱ አንድ ነው። በሠንጠረዥ አትጀምሩ። የቆዳ ስፋት፣ የሕዝብ ብዛት፣ የገንዘብ ስም ብላችሁ ደርድራችሁ ብትጽፉ በማግስቱ ትረሱታላችሁ። በውሃ ጀምሩ። ጅቡቲ ውስጥ ሰው የት እንደሰፈረና በምን እንደሚተዳደር የሚነግራችሁ ውሃ ነው፤ ያለው ውሃም፣ የሌለውም።

ስልካችሁ ላይ ካርታ ክፈቱና የሳተላይት ምስሉን ምረጡ። ጣታችሁን አዋሽ ላይ አድርጉ። ጊንጪ አካባቢ ይነሳል። በቆቃ፣ በመተሐራ፣ በአሳይታ በኩል እያለ ይወርዳል። 1,200 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ባሕር አይደርስም። ድንበሩ ላይ አቤ ሐይቅ ገብቶ እዚያው ይቀራል። ምስሉን አጉሉት። በሐይቁ ዳር የኖራ ድንጋይ ዓምዶች ቆመዋል፤ ትልልቆቹ እስከ 50 ሜትር ይደርሳሉ። ከሥር የሚፈላው ውሃ ማዕድኑን እየተወ የሠራቸው ናቸው። አንዳንዶቹ ዛሬም እንፋሎት ያወጣሉ።

አሁን ጣታችሁን ወደ ሰሜን ምሥራቅ ውሰዱ። ነጭ ቀለበት ያለው ሐይቅ ታገኛላችሁ። አሳል ነው። ከባሕር ወለል 155 ሜትር ያህል ዝቅ ይላል፤ በአፍሪካ ከእሱ ዝቅ ያለ ቦታ የለም። እዚህ ላይ ቆም በሉ፣ አትሩጡ። በሐይቁና በታጁራ ባሕረ ሰላጤ ጫፍ መካከል ጥቂት ኪሎ ሜትር የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ብቻ አለ። የባሕሩ ውሃ በድንጋዩ ስንጥቅ ሾልኮ ወደ አሳል ይገባል። መውጫ የለውም። ፀሐይ ታተነዋለች፣ ጨው ይቀራል። ነጩ ቀለበት እሱ ነው። ውሃው ከባሕር ውሃ አሥር እጥፍ ገደማ ጨዋማ ነው። ከዚህ ዳርቻ አፋሮች ጨው በግመል ጭነው ወደ ደጋው ለዘመናት ነግደዋል።

በዚያው ጠባብ መሬት ላይ በኅዳር 1978 (እ.ኤ.አ.፤ «ዓ.ም.» ካላልኩ በቀር ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በፈረንጆቹ ናቸው) አርዱኮባ የሚባል እሳተ ገሞራ ፈንድቷል። ስምጥ ሸለቆ መጽሐፍ ውስጥ ያለ ሥዕል ብቻ የሚመስለው ተማሪ ይህን ቦታ ሲያይ ነገሩ ይገባዋል። መሬቱ ዛሬም እየተላቀቀ ነው።

ከዚህ በኋላ አየሩን ጻፉ፤ ብዙ ማብራሪያ አይፈልግም። አብዛኛው የአገሪቱ ክፍል በዓመት ከ200 ሚሊ ሜትር ያነሰ ዝናብ ነው የሚያገኘው። ዓመቱን ሙሉ የሚፈስ ወንዝ የለም። በበጋቸው፣ ማለትም ከግንቦት እስከ መስከረም፣ ሙቀቱ 40 ዲግሪን ያልፋል። ስለዚህ የሚታረስ መሬት የለም ማለት ይቻላል። ምግቡ ከውጭ ይመጣል፤ አትክልትና ፍራፍሬውም፣ ጫቱም ብዙው ከእኛ ነው።

ሕዝቡ ላይ ስትደርሱ አንድ ወጥመድ አለ። የቆዳ ስፋቷ 23,200 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ሕዝቧ ደግሞ አንድ ሚሊዮን አካባቢ። ተማሪ ያካፍላል፣ «በአንድ ካሬ ኪሎ ሜትር 40 ምናምን ሰው» ብሎ ይጽፋል፣ ጨረሰ። ስሌቱ ልክ ነው፣ የሚሰጠው ሥዕል ግን ውሸት ነው። ከሦስት ሰው ሁለቱ ዋና ከተማዋ ውስጥ ነው የሚኖረው። የቀረው በአሊ ሳቢህ፣ በዲኪል፣ በአርታ፣ በታጁራና በኦቦክ ተበትኗል፤ ከብት እየነዳ ውሃ የሚከተለውም አለ። አማካዩን ስትጽፉ ይህን ከጎኑ ጻፉ።

ሱማሌዎች፣ በተለይ ኢሳዎች፣ እና አፋሮች ዋነኞቹ ሕዝቦች ናቸው። የየመን ተወላጆችና ብዙ ኢትዮጵያውያንም አሉ። መንግሥት በፈረንሳይኛና በአረብኛ ይሠራል፣ ቤት ውስጥ ሱማሊኛና አፋርኛ ይነገራል፣ ገበያ ስትወጡ አማርኛም ትሰማላችሁ። ድንበሩ ቤተሰብ አቋርጦ እንደሚያልፍ አትርሱ። አፋር በኢትዮጵያም በኤርትራም አለ፣ ኢሳም እዚህ ድሬዳዋ አለ። ፈረንሳዮች ከ1967 ጀምሮ ግዛቱን «የአፋርና የኢሳ ግዛት» ብለውት ነበር። ነፃነት የመጣው ሰኔ 20 ቀን 1969 ዓ.ም. ነው፤ በፈረንጆቹ ጁን 27 ቀን 1977። በ1991 የእርስ በርስ ጦርነት ተነስቶ በ1994 እና በ2001 በተፈረሙ ስምምነቶች ተቋጭቷል። የብሔሮችን ድርሻ በመቶኛ ያገኛችሁ እንደሆነ ቁጥሩ የመቼ እንደሆነ ሳታጣሩ አትገልብጡ። ሰው የሚቆጣበት ጉዳይ ነው።

ኢኮኖሚውን በአንድ ጥያቄ ክፈቱት፤ እርሻም ወንዝም የሌለው አገር ምን ይሸጣል? ቦታውን። ቀይ ባሕርን ከኤደን ባሕረ ሰላጤ የሚያገናኘውን ጠባብ የባሕር በር፣ ባብ ኤል መንደብን፣ ካርታው ላይ ተመልከቱ። በስዊዝ በኩል በአውሮፓና በእስያ መካከል የሚመላለስ መርከብ ሁሉ በዚያ ጠባብ በር ነው የሚያልፈው። ለዚህ ነው ፈረንሳይ፣ አሜሪካ፣ ጃፓን፣ ጣሊያንና ቻይና በአንዲት ትንሽ አገር ጦር ያሰፈሩት። የቻይናው በ2017 ተከፈተ። ኪራዩ ገቢ ነው።

ትልቁ ደንበኛ ግን እኛ ነን። በ1990 ዓ.ም. ከኤርትራ ጋር ጦርነት ሲነሳ አሰብ ተዘጋብን፤ ከዚያ ወዲህ የወጪና ገቢ ንግዳችን 90 በመቶ ያህሉ በጅቡቲ ሆነ። በ1917 (እ.ኤ.አ.) አዲስ አበባ የደረሰው የፈረንሳዩ ባቡር ከተማችንን ድሬዳዋን ፈጥሮ ነው ያለፈው። አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር 750 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ መደበኛ ሥራ የጀመረው በ2018 ነው። ግንኙነቱ በአንድ በኩል ብቻ የሚሄድ እንዳይመስላችሁ። ከ2011 ጀምሮ ጅቡቲ ከእኛ መብራት ትገዛለች። በ2017 ደግሞ ከሽንሌ በኩል የጉድጓድ ውሃ በቧንቧ መውረድ ጀመረ። አያችሁ፣ ዞሮ ዞሮ ውሃ ጋ መጣን።

ገንዘባቸው ፍራንክ ነው። አንድ ዶላር 177 ፍራንክ ከ72 ሳንቲም ነው፣ ከ1973 ጀምሮ አልተነቃነቀም። ሁሉን ከውጭ ለሚገዛና በንግድ ለሚኖር አገር ይህ እርጋታ ትልቅ ነገር ነው። የነፍስ ወከፍ ገቢያቸው ከእኛ ይበልጣል፤ ግን የወደብና የጦር ሰፈር ገንዘብ ጥቂት እጅ ነው የሚገባው፣ ሥራ አጡም ብዙ ነው። ሁለቱንም ጻፉ።

የመጨረሻው ሥራ ከወንበር መነሳት ነው። የጅቡቲ መስመር ሹፌር ፈልጉ፤ በየሰፈሩ አለ። ሻይ ጋብዙትና ጠይቁት። ድንበሩን በጋላፊ ነው በደወሌ የሚያልፈው? ወደብ ላይ ስንት ቀን ይጠብቃል? ሲወርድ ምን ይጭናል፣ ሲመለስስ? ብዙዎቹ የሚነግሯችሁ አንድ ነው፤ ሲወርዱ ቡና ወይም ሰሊጥ ከተገኘ፣ ካልተገኘ ባዶውን፣ ሲመለሱ ግን ተሳቢው ጢም ብሎ። የንግድ ሚዛን ጉድለት የሚለውን ምዕራፍ ከዚህ የተሻለ የሚያስረዳ አላየሁም። መልሱን በራሱ አነጋገር ጻፉት፣ ስሙን ግን ካልፈቀደ አታስገቡ።