የበረራ ሰዓትን ከርቀቱ መገመት

የአውሮፕላን ትኬት ላይ የሚሰፍሩት የመነሻና የመድረሻ ሰዓቶች የየከተማው የራሱ ሰዓት ስለሆኑ፣ አንዱን ከሌላው በመቀነስ ብቻ በአየር ላይ የሚቆዩበትን ጊዜ ማወቅ አይቻልም። ይልቁንም በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለውን የአየር ርቀት በኪሎ ሜትር ወስደው ለ850 ያካፍሉና በውጤቱ ላይ ግማሽ ሰዓት ይጨምሩ።

ከአዲስ አበባ ለንደን 5,900 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ለ850 ሲካፈል ወደ 7 ሰዓት ይጠጋል፤ ግማሹ ሲታከልበት ሰባት ሰዓት ተኩል ይሆናል። በሐምሌ ወር ትኬቱ 01:00 ተነስቶ 06:30 ይደርሳል ቢል፣ ልዩነቱ አምስት ሰዓት ተኩል ብቻ የሚመስለው ለንደን በዚያ ወቅት ከአዲስ አበባ በ2 ሰዓት ወደ ኋላ ስለምትቀር ነው። (01:00 በእኛ አቆጣጠር ከሌሊቱ 7 ሰዓት መሆኑ አይዘንጋ።)

ስሌቱ የሚሠራው ትላልቅ የጄት አውሮፕላኖች ከፍታቸውን ከያዙ በኋላ አብዛኛውን ጊዜ በሰዓት ከ850 እስከ 900 ኪሎ ሜትር ስለሚበሩ ነው፤ ግማሽ ሰዓቱ ደግሞ ሲነሱና ለማረፍ ሲቃረቡ በዝግታ የሚጓዙበትን ጊዜ ያካክሳል።

የመኪና መንገድን ርቀት ግን አይጠቀሙ። በአገር ውስጥ መስመሮች ላይ ለሚበሩ ባለ ፕሮፔለር አውሮፕላኖች ፍጥነታቸው ስለሚያንስ፣ እንዲሁም ነዳጅ ለመቅዳት መሃል ላይ ለሚያርፉ በረራዎች ይህ ስሌት አይሆንም። ወደ ምዕራብ በሚደረግ ረጅም በረራም ከፊት የሚመጣው ነፋስ ጊዜውን ሊያራዝመው ይችላል።