ዝም ያለውን ሻጋታ ያናገርኩበት መንገድ

የአስፐርጊለስ ወገን የሆነውን ሻጋታዬን ዘረ መል በኮምፒውተር ስመረምር ውህድ ሠሪ የጂን ስብስቦች በብዛት አገኘሁ። ውህዶችን ለያይቶ እያንዳንዱን እንደ ጉብታ በሚያሳየው የክሮማቶግራፊ ግራፍ ላይ ግን የታዩኝ ጥቂት ጉብታዎች ብቻ ነበሩ። ለወራት ጥፋቱን በመሣሪያው ላይ ስፈልግ ቆየሁ፤ ለካ አብዛኞቹ ጂኖች ተዘግተው ኖሯል። በሚወዘወዝ ብልቃጥ ውስጥ ስኳር ጠግቦ፣ ያለ ተቀናቃኝ የሚኖር ፍጡር የጦር ዕቃውን፣ ማለትም እነዚያን ውህዶች፣ ለምን ያወጣል?

በመጀመሪያ ክሮማቲንን (ዲኤንኤውና ፕሮቲኖች የተጠቀለሉበትን ጥቅል) በማላላት የተዘጉ ጂኖችን ሊከፍት የሚችል ኬሚካል፣ የሂስቶን ዲአሴቲሌዝ አጋች፣ ጨመርኩ። አዲስ ጉብታ ወጣ፤ ደስታዬ ወሰን አጣ። ሻጋታ የሌለበትን ማብቀያ ከዚያው ኬሚካል ጋር ስፈትሽ ግን ጉብታው እዚያም አለ። ያየሁት ራሱን ኬሚካሉን ነበር። ይህን ማነጻጸሪያ ከመጀመሪያው ቀን ጀምራችሁ ሥሩ፤ እባካችሁ አትዝለሉት።

መፍትሔው የመጣው ከጎረቤት ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመ ጥናት፣ አስፐርጊለስ ኒዱላንስ ከአንድ የስትሬፕቶማይሲስ ባክቴሪያ ጋር በአካል ሲነካካ ኦርሴሊኒክ አሲድ የተባለውን ውህድ የሚሠሩ ጂኖቹ እንደሚነቁ አሳይቷል። እኔም ሻጋታዬን ከባክቴሪያ ጋር አብሬ አሳደግሁት። ሦስት ጉብታዎች ታዩ! ባክቴሪያው ለብቻው ሲያድግ የሉም፤ ሁለቱን በስስ ሽፋን ስለያቸውም ጠፉ። ውህዱ የማን እንደሆነ ለመለየት የጠረጠርኩትን ዋና ጂን ከሻጋታው ላይ ቆርጬ አወጣሁ፤ ከሦስቱ ሁለቱ አብረው ጠፉ። ሦስተኛውን አሁንም እየተከታተልኩት ነው።