ቅርብ ነው ብላችሁ አትዘናጉ፦ የአንድ ቀን ሃይኪንግ ላይ የምንሠራቸው ስህተቶች

ከከተማ አንድ ሰዓት ተኩል ሁለት ሰዓት ነድቶ፣ ተራራ ወጥቶ ወርዶ፣ ማታ ቤት ገብቶ በራስ አልጋ መተኛትን የመሰለ ነገር የለም፣ በተለይ ሳምንቱን ሙሉ ወንበር ላይ ለሚውል ሰው። ግን አንድ ነገር ልብ ብያለሁ። ለሦስት ቀን ጉዞ የሚሄድ ሰው ሳምንት ሙሉ ሲዘጋጅ ይከርማል፣ ለአንድ ቀን የሚሄደው ግን ጠዋት ተነስቶ በር ላይ ያገኘውን ጫማ አጥልቆ ይወጣል። ለምን ስትሉት "ቅርብ ነዋ" ይላችኋል። እቺ "ቅርብ ነው" ናት ሰውን የምትጎዳው፣ ምክንያቱም ቅርብ የሆነው ለመኪናው እንጂ ለእግር አይደለም። መኪናውን አቁማችሁ ሁለት ሰዓት ወደ ውስጥ ከሄዳችሁ በኋላ እግራችሁ ወለም ቢል፣ የከተማው መብራት ከሩቅ እየታያችሁ እንኳን የሚረዳችሁ ሰው እናንተ ጋ የሚደርሰው ያንኑ ሁለት ሰዓት በእግሩ መጥቶ ነው። ከታች የምጽፋቸውን አብዛኞቹን እኔም አብረውኝ የሚሄዱትም ሠርተናቸዋል።

የመጀመሪያው ርቀቱን በኪሎሜትር ብቻ ማየት ነው። "12 ኪሎሜትር ምን አላት፣ ሁለት ሰዓት ተኩል" ይባላል፣ ሜዳ ላይ ቢሆን እውነት ነው። ዳገት ግን ሌላ ሂሳብ አለው። በ1892 ዊልያም ናይስሚዝ የሚባል ስኮትላንዳዊ ተራራ ወጪ ያስቀመጣት ስሌት አለች፣ ዛሬም ትሠራለች፦ ለየ5 ኪሎሜትሩ 1 ሰዓት፣ በዛ ላይ ለየ600 ሜትር ዳገት ሌላ 1 ሰዓት። ያቺ 12 ኪሎሜትር 900 ሜትር ዳገት ካላት እንግዲህ፣ መንገዱ 2 ሰዓት ከ24 ደቂቃ፣ ዳገቱ 1 ሰዓት ተኩል፣ አራት ሰዓት ሊሞላ ትንሽ ነው የቀረው። እሱም ሳይቀመጡ፣ ፎቶ ሳይነሱ፣ ደህና ጉልበት ላለው ሰው። እኔ በዛ ላይ ግማሹን እጨምርበታለሁ፣ ስለዚ ስድስት ሰዓት ሆነች ማለት ነው። እና ሁለት ሰዓት ተኩል ብሎ የወጣ ሰው ውሃውንም ምግቡንም የያዘው ለሁለት ሰዓት ተኩል ነው፣ ችግሩ የሚጀምረው እዛ ላይ ነው።

ከዚሁ ጋር የሚመጣው አርፍዶ መጀመር ነው። ማልደን እንገናኝ ይባልና አንዱ ይተኛል፣ ነዳጅ መቅዳት አለ፣ ከከተማ መውጫው ተጨናንቋል፣ ሲደረስ መኪና ማቆሚያው ሞልቷል፣ እንዲህ እንዲህ እያለ መራመድ የሚጀመረው 5 ሰዓት ላይ ይሆናል። ማርፈዱ ያጋጥማል በቃ፣ ስህተቱ አርፍዶ ደርሶ የጠዋቱን ዕቅድ እንዳለ ይዞ መቀጠል ነው። ሁልጊዜ አንድ አጠር ያለ መንገድ በመጠባበቂያ ያዙ፣ ካረፈዳችሁ ያለ ክርክር ወደሱ።

ሌላው ደግሞ የመመለሻ ሰዓት አለመቁረጥ ነው፣ እኔ ከሁሉም በላይ ይሄኛው ላይ ነው ሰው እንዲሰማኝ የምፈልገው። ጠዋት ገና መኪና ውስጥ እያላችሁ ፀሐይ ስንት ሰዓት እንደምትገባ እዩ፣ ከዛ ወደ ኋላ ቆጥራችሁ "የትም እንድረስ የት በዚህ ሰዓት ፊታችንን እናዞራለን" በሉ። ጠዋት የምትሉበት ምክንያት፣ ተራራው ላይ ከወጣችሁ በኋላ አእምሮ አይሰማም፣ ጫፉ ይታያላ። እኛ አንዴ አምስት ሆነን 8 ሰዓት ላይ መመለስ ነበረብን፣ ጫፏ ግን እዛች ጋ ናት፣ "ሃያ ደቂቃ ናት እኮ" አልን። ስንወጣት ከኋላዋ ከፍ ያለች ሌላ ብቅ አለች፣ እሷን ስንጨርስ ሌላ። ተራራ እንዲህ ነው፣ ከታች ሲያዩት ጫፍ የሚመስለው ብዙ ጊዜ ትከሻው ነው፣ እውነተኛው አናት ከጀርባው ተደብቆ ይጠብቃል፣ እንደ ውሃ እያሳሳቀ ነው የሚወስደው። የመጨረሻውን አንድ ሰዓት በሁለት ስልክ መብራት ወረድን፣ አንደኛው መሃል ላይ ጠፋ። የፊተኛው ሰው ሲያበራ የኋለኛው የሚረግጠውን አያይም፣ ወደ ኋላ ዞሮ ሲያበራ ደግሞ ዓይን ያጠፋል፣ አንድ እጅ ስልክ ይዟል ስለዚ ስትንሸራተቱ የምትይዙበት አንድ እጅ ብቻ ነው። ሰው አልተጎዳም፣ ግን ከዛ ቀን ጀምሮ ግንባር ላይ የሚታሰረው መብራት ከቦርሳዬ ወጥቶ አያውቅም፣ ጠዋት ሄጄ ለምሳ ለምመለስበት መንገድ እንኳን።

ጫማ። አዲስ ጫማ ገዝቶ የመጀመሪያ ቀኑን ተራራ ላይ ማሳለፍ የተለመደ ስህተት ነው፣ ግዴላችሁም ሁለት ሳምንት ሥራም ገበያም አድርጋችሁት ሂዱ። ውድ መሆን የለበትም፣ ሶሉ ያልላገ፣ ተረከዝ የሚይዝ፣ ፊቱ ላይ ጣት የሚንቀሳቀስበት ቦታ ያለው ከሆነ በቂ ነው። ጥፍራችሁን ከሁለት ቀን በፊት ቁረጡ፣ ቁልቁለት ላይ ጣት በየእርምጃው ከጫማው ፊት ጋር ይጋጫልና ረጅም ጥፍር ጠቁሮ ነው የሚመጣው። መውረድ ከመጀመራችሁ በፊትም ቁጭ ብላችሁ ክሩን ቁርጭምጭሚት አካባቢ ጠበቅ አድርጋችሁ እንደገና እሰሩ፣ እግር ወደ ፊት አይንሸራተትም።

የእግር ውሃ መቋጠር ግን ሰው ሁሉ የሚንቀው ነገር ነው። አንዲት ጓደኛችን ገና በአርባኛው ደቂቃ "ተረከዜን ትንሽ አቃጠለኝ" አለች። እኛም "አይዞሽ፣ ስናርፍ እናየዋለን" ብለን ቀጠልን። ስናርፍ ጫማዋን ስታወልቅ ካልሲው ከተረከዟ ጋር ተጣብቆ ነበር፣ ቀስ እያለች ስትልጠው ቆዳው አብሮ ተነሳ፣ ከስሩ ያለው ሥጋ ቀይ ሆኖ ያብረቀርቅ ነበር። መውረጃውን ሦስት ሰዓት ተረከዟን ሳታስነካ ጫማውን እንደ ሲሊፐር ረግጣ ነው የወረደችው፣ እስካሁን ሳስበው እጸጸታለሁ፣ ምክንያቱም ያኔ አርባኛዋ ደቂቃ ላይ ሁለት ደቂቃ ቆመን ፕላስተር ብንለጥፍላት ቀኑ ሌላ ቀን ነበር። ውሃ የሚቋጥረው ሙቀት፣ እርጥበትና ፍትጊያ ሲገናኙ ነው። "አቃጠለኝ" የሚል ሰው ካለ እዛው ቁሙ፣ ካልሲ ይድረቅ ወይ ይቀየር፣ ፕላስተር ይለጠፍ፣ ሰውየው እፍረት ይዞት "ምንም አይደል" ቢል እንኳን እናንተ ቁሙ።

ውሃ ላይ ብዙ አልልም፣ መጠነኛ አየር ላይ በሰዓት ግማሽ ሊትር ገደማ ብላችሁ አስሉ፣ ሲሞቅና ዳገቱ ሲበረታ ይጨምራል። የስድስት ሰዓት መንገድ ሦስት ሊትር ማለት ነው፣ ሦስት ኪሎ ነው፣ ይከብዳል፣ ግን ያዙት። ግማሹን ደግሞ መኪና ውስጥ ረስቶ የሚወጣ አለ። የማያውቁትን ምንጭ መጠጣት ይቅር፣ ጥርት ስላለ ንጹህ ነው ማለት አይደለም። በሌላ በኩል ቀኑን ሙሉ ውሃ ብቻ እየጋቱ ምንም አለመብላትም ጥሩ አይደለም፣ ላብ ጨው ይዞ ነው የሚወጣው፣ ጨውነት ያለው ነገር ቅመሱ። ሳይርባችሁ በየሰዓቱ ትንሽ ትንሽ ብሉ፣ ምሳን አናት ላይ እበላዋለሁ ብሎ የሚቆጥብ ሰው አናቱ ሳይደርስ ነው ጉልበቱ የሚከዳው።

ልብስ ላይ ያለው ስህተት ከተማው ሞቃት ነው ብሎ መውጣት ነው። 1000 ሜትር በወጣችሁ ቁጥር አየሩ ወደ 6.5 ዲግሪ ገደማ ይቀዘቅዛል፣ ንፋስ ሲጨመርበት ደግሞ ሌላ ነው። ጂንስና የጥጥ ቲሸርት ላብ ይጠጣል፣ አይደርቅም፣ ዳገቱ ላይ እየሞቃችሁ ስለሆነ አይታወቃችሁም፣ አናት ላይ ለፎቶ አስር ደቂቃ ስትቆሙ ግን ጀርባችሁ ላይ በረዶ የተለጠፈ ነው የሚመስላችሁ። ቶሎ የሚደርቅ ነገር ከውስጥ፣ ስትቆሙ የምትደርቡት ከቦርሳ፣ አንድ ቀጭን ንፋስና ዝናብ የሚከላከል ጃኬት፣ አለቀ። ፀሐዩም እንዳያታልላችሁ፣ ከፍታ በ1000 ሜትር በጨመረ ቁጥር የሚያቃጥለው ጨረር ወደ 10 በመቶ ይጨምራል፣ ብርድ እየተሰማችሁ ነው ፊታችሁ የሚቃጠለው፣ ኮፍያ ያዙ።

ስልክ ላይ ያለው ስህተት ሁለት ነው። አንዱ ካርታውን እዛ ስደርስ እከፍተዋለሁ ማለት ነው፣ ሸለቆ ውስጥ ኔትወርክ ይጠፋና ባዶ ስክሪን ላይ አንዲት ሰማያዊ ነጥብ ብቻ ትቀራለች። ጂፒኤስ ራሱ ኔትወርክ አይፈልግም፣ ከሳተላይት ነው የሚቀበለው፣ የጎደለው ካርታው ነው፣ ስለዚ ማታ ቤት ሆናችሁ ዳውንሎድ አድርጉት። ሁለተኛው ባትሪ ነው፣ ኔትወርክ በሌለበት ስልኩ ሲፈልግ ሲፈልግ ነው ቻርጁን የሚጨርሰው፣ ኤርፕሌን ሞድ ላይ አድርጉት፣ ከብርድም ጠብቁት፣ ባትሪ ሲበርደው ቶሎ ይወርዳል፣ የውስጥ ኪስ ጥሩ ነው። ፓወር ባንክ ከያዛችሁ ደግሞ ገመዱን አትርሱ።

መንገድ የሳታችሁ ሲመስላችሁ ትልቁ ስህተት "ወደፊት ስንሄድ ይገናኛል" ማለት ነው። አይገናኝም። ቁሙ፣ ውሃ ጠጡ፣ እርግጠኛ ወደሆናችሁበት የመጨረሻ ቦታ በመጣችሁበት ተመለሱ። ወንዝ ተከትሎ መውረድ ወደ ሰው መንደር ያወጣል የሚል ወሬ አለ፣ ወንዙ ግን ለእግር ተብሎ አልተሠራም፣ ገደል ሲያገኝ ፏፏቴ ሆኖ ይወርዳል፣ እናንተ ከላይ ትቀራላችሁ፣ መውረድም መውጣትም ወደማይቻልበት የገቡ ሰዎች አብዛኛው እንዲህ ነው የገቡት።

ዝናብ ሲመጣ ሰው ስለመበስበስ ነው የሚያስበው። እኔን የሚያስፈራኝ መብረቁ ነው። ብልጭ ካለበት እስከ ነጎድጓዱ ድረስ በሰከንድ ቁጠሩ፣ 30 ሳይሞላ ከሰማችሁ ደመናው 10 ኪሎሜትር ውስጥ ነው፣ ከአናትና ከተራራው ሸንተረር ላይ ወዲያው ውረዱ፣ ብቻዋን የቆመች ዛፍ ስር አትጠለሉ፣ የመጨረሻውን ነጎድጓድ ከሰማችሁ በኋላም 30 ደቂቃ ሳትጠብቁ ተመልሳችሁ አትውጡ። ደረቅ ወንዝ ውስጥ ቁጭ ብሎ ምሳ መብላትም ይቅር፣ እናንተ ጋ ፀሐይ እያለ፣ ከላይ የዘነበው ደራሽ ውሃ ሆኖ ይመጣል።

በቡድን ስትሄዱ ፈጣኖቹ ቀድመው ይሄዱና ቁጭ ብለው ይጠብቃሉ፣ የመጨረሻው ሰው እያለከለከ ሲደርስ "መጣ፣ እንሂድ" ብለው ይነሳሉ። አስተውላችሁ ከሆነ እረፍት ያስፈልገው የነበረው አንድ ሰው እሱ ብቻ ነው፣ ያላረፈውም እሱ ብቻ ነው። ይሄንን ቀኑን ሙሉ ስትደጋግሙበት ከሰዓት በኋላ እግሩ መሬቱን መሳት ይጀምራል፣ ቁልቁለት ላይ ጭንና ጉልበት ሲደክም ነው ሰው የሚወድቀው። ቀስ ያለውን ሰው ከፊት አድርጉት፣ ፍጥነቱን እሱ ይወስን፣ እረፍቱም እሱ ከተቀመጠ ጀምሮ ይቆጠር። ከኋላ ደግሞ አንድ ጠንካራ ሰው ይሁን፣ ከሱ ኋላ ማንም አይቅር።

ቆሻሻ በላስቲክ ይዛችሁ ተመለሱ፣ የብርቱካንና የሙዝ ልጣጭም ጭምር፣ ወራት ይቆያል።

የት እንደምትሄዱ ለአንድ ሰው ሳይናገሩ መውጣትስ? "ሃይኪንግ ሄጃለሁ" በቂ አይደለም። በየትኛው መንገድ፣ መኪናው የት ቆሟል፣ ስንት ሆናችሁ፣ ስንት ሰዓት ትመለሳላችሁ፣ ከስንት ሰዓት በኋላ ዝም ካላችሁ ለማን ይደውል፣ እነዚህን በቴክስት ጽፋችሁ ላኩ። ፊሽካም ያዙ፣ ድምፅ ይዘጋል፣ ፊሽካ ግን አይደክመውም። በተራራ ላይ በተለይ አውሮፓ ውስጥ የተለመደው የእርዳታ ጥሪ በአንድ ደቂቃ ውስጥ 6 ጊዜ መንፋት፣ አንድ ደቂቃ ዝም፣ እንደገና 6 ነው፣ ማታ ከሆነ በመብራትም ይሆናል። የሰማ ሰው በደቂቃ 3 ጊዜ ይመልሳል።

የመጨረሻው ስህተት መኪናው ጋ ሲደረስ "አለቀ" ማለት ነው። ሹፌሩ እኮ አብሮ ነው ስድስት ሰዓት የወጣው የወረደው፣ ከዛ ሙቀቱ መኪና ውስጥ ሲገባና ሁሉም ሲያንቀላፋ እሱ በጨለማ ሁለት ሰዓት መንዳት አለበት። ስትወጡ ጀምሮ ማን እየነዳ እንደሚመለስ ተነጋገሩ፣ መንጃ ፈቃድ ያለው ሁለተኛ ሰው ካለ ይቀያየሩ፣ ከሌለ ሹፌሩ ከመነሳቱ በፊት በልቶ ጠጥቶ ሃያ ደቂቃ ወንበሩን አጋድሞ ይተኛ፣ ጋቢና የተቀመጠ ሰው ደግሞ አይተኛም። መኪናው ውስጥ ደረቅ ካልሲ፣ ቀላል ጫማና ለየሰዉ አንድ አንድ ጠርሙስ ውሃ ጠዋት ትታችሁ ውጡ። እና ኔትወርክ እንደገባ ጠዋት ለነገራችሁት ሰው "ወርደናል፣ ደህና ነን" ብላችሁ ጻፉ፣ ሰዓቱን እያየ የተቀመጠ ሰው አለ።