አዲሱ ማርሚታ ያመጣው ችግር ከየት ነው? ከምልክቱ ወደ መፍትሄው

ለመኪናው የተለየ ጭስ ማውጫ ለማሠራት ቃሊቲ፣ ቡራዩ ወይም ለገጣፎ ያለ ጋራዥ የሚገባ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚጠየቀው ስለ ድምፁ ነው። የሞተሩ ጉልበት ስንት ነው፣ ሞተሩ የተቀመጠው በአግድም ነው ወይስ በቁመት፣ ኦክስጅን ሴንሰሩ (ጭሱ ውስጥ ያለውን ኦክስጅን የሚለካው) የት ጋ ነው ብሎ የሚጠይቅ ባለሙያ ጥቂት ነው። ከታች ያሉት ችግሮች አብዛኞቹ የሚመነጩት ከዚህ ነው። አሮጌው ቱቦ ገና ካልተቆረጠ ይህን ጽሑፍ እንደ እቅድ ይያዙት፤ ከተቆረጠ ደግሞ ምልክቱን እየፈለጉ ያንብቡ።

አስቀድሞ ስለ ከፍታው። አዲስ አበባና ዙሪያዋ ከባህር ጠለል በላይ ከ2,000 እስከ 2,600 ሜትር ገደማ ላይ ናቸው። እዚህ አየሩ ስስ ስለሆነ ቱርቦ የሌለው ሞተር ፋብሪካው ከጻፈለት ጉልበት ከአምስት አንድ እስከ ሩብ ያህሉን ያጣል። ማርሚታ (የጭስ ማውጫው ድምፅ ማፈኛ) ይህን አይመልስም። በጤነኛ ሞተር ላይ በደንብ የተሠራ ጭስ ማውጫ የሚጨምረው ጥቂት በመቶ ነው። ከዚያ በላይ ቃል የሚገባልዎት ሰው የሚሸጥልዎት ድምፅ ነው።

ድምፁ ጨምሯል፣ ዳገት ላይ ግን ሞቷል

ከከተማ ወደ ሱሉልታ በእንጦጦ በኩል ሲወጡ ቀድሞ በሦስተኛ ማርሽ ይወጣ የነበረው መኪና ሁለተኛ ይጠይቃል። ሁሉም ወዲያው "ቱቦው ሰፍቶ ነው" ይላል። ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን ከመቁረጥ በፊት በርካሹ ይጀመር። የአየር ፊልትሮው ይታይ፤ በፒስታ መንገድ የሚመላለስ መኪና ላይ ቶሎ ይታፈናል። ቀጥሎ ጭስ የሚያፈስ ቦታ ይፈለግ። ሦስተኛው ቱቦው ውስጥ ያለውን ግፊት መለካት ነው።

ልኬቱ ቀላል ነው። የመጀመሪያው ኦክስጅን ሴንሰር ይፈታና በቀዳዳው (ጥርሱ 18 ሚሜ ነው) የግፊት ጌጅ ይታሰራል። ሞተሩ ከሞቀ በኋላ በሚኒሞ (ቤንዚን ሳይረገጥ) ከ1.5 ፒኤስአይ፣ በደቂቃ 2,500 ዙር ላይ ከ3 ፒኤስአይ ባይበልጥ ደህና ነው። ከበለጠ መንገዱ ተዘግቷል ማለት ነው። ከካታሊቲኩ (ጭሱን ከሚያጣራው ክፍል) በኋላ ያለው መጋጠሚያ ይላላና እንደገና ይለካ። ግፊቱ ከወረደ የተዘጋው ወደ ኋላ ነው፤ ብዙ ጊዜ ሲታጠፍ የተጨፈለቀ ክርን ወይም ውስጡ የፈረሰ ማርሚታ ይገኛል። ካልወረደ ካታሊቲኩ ራሱ ታፍኗል፤ ስለዚህ የሚቀየረው እሱ ነው።

ግፊቱ ዝቅተኛ ሆኖ፣ የሚያፈስም ሳይኖር፣ መኪናው በዝቅተኛ ዙር ከደከመ ያን ጊዜ ስፋቱ ይጠረጠር። ቱቦን ከ51 ወደ 63 ሚሜ ማሳደግ በቁጥር ትንሽ ይመስላል፤ የውስጥ ስፋቱ ግን 60 በመቶ ገደማ ያድጋል፣ ጋዙም በዚያው ልክ ይዘገያል። ቱርቦ ለሌለው የቤት መኪና የሚሆነው የውጭ ዲያሜትር ይህን ያህል ነው፦

- እስከ 100 ፈረስ ጉልበት (ቪትዝ፣ ዲዛየር የመሳሰሉት)፦ 45 ሚሜ
- ከ100 እስከ 150 (አብዛኛው ኮሮላ)፦ 51 ሚሜ
- ከ150 እስከ 200፦ 57 ሚሜ

የሁለት መጠን ድንበር ላይ ከሆኑ ትንሹን ይምረጡ። ቱርቦ ያለው ናፍጣ፣ ለምሳሌ ሃይሉክስ፣ ሌላ ሕግ አለው። ከተርባይኑ በኋላ ያለው ግፊት ባነሰ ቁጥር ቱርቦው ቶሎ ይነሳል፤ 63 ወይም 76 ሚሜ ቱቦ እዚያ ትርጉም አለው።

ፈጣን መንገድ ላይ ጆሮ የሚበሳ ጉምጉምታ

ከተማ ውስጥ አይሰማም። ከቱሉ ዲምቱ ወደ አዳማ ወጥተው ፍጥነቱ ሲረጋ ግን የመኪናው ጎጆ (ሰው የሚቀመጥበት) ሁሉ ይነዝራል፤ ትንሽ ቢጨምሩ ወይም ቢቀንሱ ይጠፋል። ምክንያቱ የሞተሩ የጭስ ምት ከቱቦው ርዝመትና ከመኪናው አካል ጋር በአንድ ድምፅ መገናኘቱ ነው። ማርሚታ ደርቦ ማሰር ሁልጊዜ አያስወግደውም፤ ለየትኛው ድምፅ እንደሚሠራ ሳይታወቅ ገንዘብ ማባከን ነው።

ጉምጉምታው የሚመጣበትን ዙር ከዳሽቦርዱ ያንብቡ። ባለ 4 ሲሊንደር ከሆነ ዙሩን ለ30፣ ባለ 3 ሲሊንደር ከሆነ ለ40 ያካፍሉ፤ የሚገኘው ቁጥር የድምፁ ድግግሞሽ በሄርዝ ነው። በ2,700 ዙር የሚነዝር ባለ 4 ሲሊንደር 90 ሄርዝ ላይ ነው። ለዚህ የሚሠራው መድኃኒት ከዋናው ቱቦ ተቀጥሎ መጨረሻው የተደፈነ ቅርንጫፍ ቱቦ ነው። ርዝመቱ የድምፅ ፍጥነት ለድግግሞሹ አራት እጥፍ ሲካፈል የሚገኘው ነው። ቅርንጫፉ ውስጥ ያለው ጋዝ 150 ዲግሪ ያህል ቢሆን ድምፅ በሰከንድ 410 ሜትር ገደማ ይሄዳል፤ ስለዚህ ለ90 ሄርዝ 1.14 ሜትር ይወጣል። ሙቀቱ በትክክል ስለማይታወቅ 1.3 ሜትር አድርገው በመጨረሻው ላይ ተንሸራታች ክዳን ይግጠሙለት፣ እየነዱ ያስተካክሉ፣ ሲጠፋ ይበየድ። ዲያሜትሩ ከዋናው ቱቦ ጋር እኩል ይሁን።

ባለ 3 ሲሊንደር ቪትዝ ላይ ግን በዚያው ዙር ድግግሞሹ 67 ሄርዝ ስለሆነ ከአንድ ሜትር ተኩል በላይ ቱቦ ይጠይቃል፤ ከሥሩ ቦታ የለም። እዚያ መሃል ላይ ሬዞኔተር (ተጨማሪ ትንሽ ድምፅ ማፈኛ) መመለስና ሰፋ ያለ የኋላ ማርሚታ ማሰር ይሻላል።

ቼክ ኢንጂን በርቷል፣ ቤንዚን ይበላል

ኮዱ (የመኪናው ኮምፒውተር የመዘገበው የብልሽት ቁጥር) ሳይነበብ ምንም አይነካ። ፒ0420 ከሆነ ብዙ ጊዜ ካታሊቲኩ ወጥቷል ወይም አልቋል። ሁለተኛውን (ከካታሊቲኩ በኋላ ያለውን) ሴንሰር በማራዘሚያ ቡሽ ከጋዙ አርቆ መብራቱን ማጥፋት የተለመደ ነው፤ የሚያታልለው ግን ኮምፒውተሩን ብቻ ነው፣ ጭሱ እንዳለ ይቀራል። የተሻለው አዲስ ካታሊቲክ በፍላንጅ (በቡሎን በሚታሰር መጋጠሚያ) እንዲፈታ አድርጎ መትከል ነው።

ፒ0171 ሲመጣና ከበፊቱ የበለጠ ቤንዚን ሲበላ ብዙ ጊዜ ከመጀመሪያው ሴንሰር በፊት ያለ ብየዳ ወይም ጓርኒሲዮን (የመጋጠሚያ ማሸጊያ) ያፈስሳል። ጭስ የሚወጣው በምት ነው፤ በሁለት ምት መካከል ቱቦው የውጭ አየር ይስባል፣ ሴንሰሩ "ቤንዚን አነሰ" ብሎ ያነባል፣ ኮምፒውተሩም ይጨምራል። ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ በጭስ መውጫው በኩል ከኮምፕረሰር ቀስ ያለ አየር ይስጡና በየመጋጠሚያው የሳሙና አረፋ ይቀቡ፤ የሚያፈሰው አረፋው የሚፈላበት ቦታ ነው። ጥቁር ጥቀርሻ የወረደበት ቡሎንም ይመሰክራል። የማኒፎልዱ (ከሞተሩ ጋር የሚታሰረው የጭስ ማውጫ ክፍል) ፊት በቀጥ ማስመሪያ ሲታይ ግማሽ ሚሜ ከተጣመመ አዲስ ጓርኒሲዮን አይይዘውም፤ ቶርኖ ቤት ይላጥ።

ሴንሰሩን ለመትከል አዲስ ቀዳዳ ከተበሳ አቅጣጫው ወደ ላይ ይሁን፣ ከአግድም ቢያንስ 10 ዲግሪ ከፍ ብሎ። ጠዋት ቱቦው ውስጥ የሚጠራቀመው ውሃ ከታች የተተከለን ሴንሰር በሙቀቱ ላይ ነክቶ ሴራሚኩን ይሰነጥቃል።

ብየዳው በተደጋጋሚ ይሰነጠቃል

ይህ ሰፊው ችግር ነው፤ በየጊዜው በኤሌክትሮድ እየደረቡ መበየድም ሰፊው ስህተት።

አንደኛው ምክንያት እንቅስቃሴ ነው። ሞተሩ በአግድም በተቀመጠበት መኪና ቤንዚን ሲረገጥ ሞተሩ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይወዛወዛል፤ ቱቦው ግን በሻንሲው ላይ ተንጠልጥሏል። በመካከላቸው 150 ሚሜ ያህል ርዝመት ያለው ተጣጣፊ ፍሌክስ ካልገባ የሚለቀው ደካማው ብየዳ ነው። ፍሌክሱ በተቻለ መጠን ወደ ሞተሩ ይጠጋ፤ ከኋላውም ወዲያው ማንጠልጠያ ይኑረው፤ የቱቦው ክብደት በእሱ ላይ መዋል የለበትም። የሞተሩ ጎሚኒ (ሞተሩን ደግፎ የያዘው ጎማ) የተበላ ከሆነ አስቀድሞ ይቀየር፤ አለዚያ አዲሱ ፍሌክስም አይቆይም።

ሁለተኛው ሙቀት ነው። 2.5 ሜትር የሆነ ቱቦ በ300 ዲግሪ ሲሞቅ ተራ ብረት ከሆነ 9 ሚሜ፣ ስቴንለስ 304 ከሆነ 13 ሚሜ ያህል ይረዝማል። ማንጠልጠያው ሁሉ በብረት ከተበየደ የሚሄድበት የለውም። ማንጠልጠያ በጎማ ይሁን።

ሦስተኛው ዕቃው ራሱ ነው። ለበርና ለመስኮት የሚሸጥ 1 ሚሜ ቱቦላሬ ርካሽ ነው፤ በክረምት ጭቃና በውስጥ ውሃ ቶሎ ይበላል። ግድግዳው 1.5 ሚሜ የሆነ ቱቦ ይጠይቁ። የውሃ ጋልቫናይዝድ ቱቦ የሚያቀርብልዎት በያጅ ካለ እምቢ ይበሉ፤ ዚንኩ ሲቃጠል የሚወጣው ነጭ ጭስ በያጁን ትኩሳት ያስይዘዋል፤ ወተት መጠጣትም አይከላከለውም።

1.5 ሚሜ ቱቦ በወፍራም ኤሌክትሮድ ሲበየድ ይበሳል። 2 ሚሜ ኤሌክትሮድ ከ40 እስከ 60 አምፒር ይበቃዋል፤ አርጎን ብየዳ ካለ ይመረጣል። ስቴንለስን ከስቴንለስ በ308ኤል፣ ስቴንለስን ከተራ ብረት በ309ኤል (ሁለቱም የስቴንለስ መበየጃ ዓይነቶች ናቸው) ይበየድ፤ በተራ ኤሌክትሮድ ከተበየደ መስመሩ ዝጎ ይወጣል። መኪናው ሥር በነጥብ ብቻ ይያዝና ወርዶ ጠረጴዛ ላይ ይጨረስ። መኪናው ላይ ከመበየድ በፊት የባትሪው ኔጋቲቭ ይፈታ፤ የብየዳው መሬትም እዚያው ቱቦው ላይ ይታሰር።

ጉብታ ላይ ይፋቃል

ልኬቱ ባዶ መኪና ላይ ስለተወሰደ ነው። አምስት ሰው ተቀምጦ፣ ሻንጣም ተጭኖ ይለካ፤ ቱቦው ከሻንሲው ዝቅተኛ ክፍል በታች እንዳይወርድ። ባለ ሁለት ቡሎን ፍላንጅ አንዱ ቡሎን ወደ ታች ከዞረ መጀመሪያ የሚመታው እሱ ነው፤ ቡሎኖቹ ግራና ቀኝ እንዲሆኑ ይዙር። የቱቦውን መንገድ ከመቁረጥ በፊት በ6 ሚሜ ፌሮ አጥፎ ማስመሰል ብዙ ብረት ያተርፋል፦ ከአካሉ 25 ሚሜ፣ ከነዳጅ ታንከርና ከፍሬን መስመር ቢያንስ 50 ሚሜ ይራቅ። የወጣው የሙቀት መከላከያ ላሜራ ተመልሶ ይታሰር። "ምንም አይሠራም" ተብሎ የሚጣለው ይህ ላሜራ ነው፤ ደረቅ ሣር ላይ ሲቆሙ ግን ያስፈልጋል።

ጎጆው ውስጥ ጭስ ይሸታል፣ ራስ ያማል

መኪናው አይነዳ። የሚሸተው ሌላው ጋዝ ነው፤ የሚገድለው ካርቦን ሞኖክሳይድ አይሸትም። የጭስ መውጫው ጫፍ ከኋላው መከላከያ አልፎ መውጣቱ፣ የኋላ በር ላስቲክ መዝጋቱ፣ ወለሉ ላይ ለሽቦ የተበሳ ቀዳዳ መደፈኑ ይታይ። ከዚያ የአረፋው ፍተሻ ከማኒፎልዱ እስከ ጫፉ ይደገም። በሩ በተዘጋ ጋራዥ ውስጥ ሞተር አስነስቶ መሞከር ክልክል ነው።

ጠዋት ውሃ ያንጠባጥባል

ብልሽት አይደለም፤ ቤንዚን ሲቃጠል ውሃ ይፈጠራል፣ ቀዝቃዛ ቱቦ ውስጥ ይጠራቀማል። መኪናው ሁልጊዜ አጭር መንገድ ብቻ የሚሄድ ከሆነ ማርሚታው ዝቅተኛ ቦታ ላይ 3 ሚሜ ቀዳዳ ይበሳለት።